ለትምህርት ቤት ወለል የሚሆን ምንጣፍ ስለ መምረጥ የተነገረ ንግግር



የዛሬው ንግግር ስለ ትንሽ ነገር የተነገረ ይመስላል። ነገሩ በትምህርት ቤት ወለል ላይ ምን ይነጠፍ የሚል ነውና። ነገር ግን ሕፃን ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥበት ነገር ትንሽ አይደለም። ብርዱ ከወለሉ ይመጣል፤ አቧራው ከወለሉ ይነሣል፤ ቁንጫውም ሙጃሌውም የሚራባው በወለሉ ነው። ስለዚህ ምንጣፍ የሚመርጥ ሰው የልጆችን ጤና በእጁ እንደ ያዘ ሊያውቅ ይገባዋል።

ጥንት በአገራችን ፊደል የሚቈጥር ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር፥ በደንጊያ ላይ ወይም በመሬት ላይ ተቀምጦ ይማር ነበር። የቆሎ ተማሪም ከበግ ቆዳ የተሰፋ ደበሎውን ቀን ይለብሰዋል፤ ሌሊት ያነጥፈዋል፤ እንዲህ አንዱ ደበሎ ልብስም ምንጣፍም ይሆንለት ነበር። በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1908፥ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈቱ። እንደነዚህ ያሉት ትምህርት ቤቶች በበዙ መጠን ልጅ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መማሩ እየተለመደ ሄደ፤ የምንጣፍም ነገር እየተረሳ መጣ።

አሁን ግን ነገሩ እንደ ገና ተነሥቷል። የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል የሚባለው ተከፍቷል። ወደዚህ ክፍል የሚገቡት ስድስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሕፃናት ናቸው። እነርሱም በወንበር ላይ ተጣብቀው መዋል አይችሉም፤ መሬት ላይ ተቀምጠው በጠጠር ይቈጥራሉ፥ በጭቃ ይሠራሉ፥ ተረት ይሰማሉ። እንግዲህ ወለላቸው ምን ይሁን? ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ ይነገር።

አንድ መምህር ከመንዝ አገር ወደ አዲስ አበባ መጣ። ያገሩ ሰዎች ለዜሮ ክፍል ልጆች ምንጣፍ እንዲገዛላቸው ብር አዋጥተው ሰጥተውት ነበር። ከሰጪዎቹም አንዲቱ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ እርስዋ የሰጠችው ዕንቍላል ሸጣ ያገኘችውን ነው። ስለዚህ ያ ገንዘብ በከንቱ ሊጠፋ የማይገባው ገንዘብ ነበረ።

መምህሩ የገባበት ዕለት ሐምሌ 7 ነበረ። ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት ሊሳለም ብሎ በአራት ኪሎ ወዳለው ወደ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄደ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከጣልያን ወረራ በፊት ተጀምሮ ከነጻነት በኋላ የተፈጸመ ነው። ሌሊቱን ዝናም ሲዘንም ስላደረ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር። ሕዝቡም ጫማውን ከደጅ እያወለቀ ይገባ ነበር። መምህሩ እንደ ሌላው ሰው ጫማውን አውልቆ ገባ። እግሩ ምንጣፉን በረገጠ ጊዜ ሙቀቱና ልስላሴው ደስ አሰኘው፤ በልቡም «ለልጆቹ የሚሆነው እንደዚህ ያለ ነው» ብሎ አሰበ።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌውም በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው የተማሩ ሰው ነበሩ። ስለ መጣበት ጉዳይ ጠየቁት፤ እርሱም ሁሉን ነገራቸው። ወደ መርካቶ ወርዶ እንደ ካቴድራሉ ያለ ወፍራም ስጋጃ ሊገዛ ማሰቡንም አልሸሸገም።

ሽማግሌውም «ልጄ፥ የትምህርት ቤትህ ወለል ምንድን ነው?» አሉት።

«አፈር ነው፥ አባቴ።»

«ልጆቹ ጫማቸውን የት ያወልቃሉ?»

«አያወልቁም፥ አባቴ። ጫማ የሌላቸውም ብዙዎች ናቸው።»

«እግራቸውን የሚታጠቡበት ውሃ በደጅ አለ?»

«የለም።»

«ምንጣፉንስ ማን አውጥቶ ያራግፈዋል?»

መምህሩ ዝም አለ።

ሽማግሌውም እንዲህ አሉት፦ «እንግዲያስ ያየኸው ምንጣፉን ብቻ ነው፤ ደጁን አላየኸውም። የዚህ ቤት ምንጣፍ በንጽሕና የሚኖረው ዋጋው ስለ ከበደ አይደለም፤ ጭቃው ከደጅ ስለሚቀር ነው። ወደ መስጊድ ብትሄድም እንዲሁ ነው። ሙስሊሙ እግሩን ታጥቦ፥ ጫማውን ትቶ በምንጣፉ ላይ ይቆማል። በሐረር ከተማም የቤቱ መደብ በምንጣፍ ይለበሳል፤ እንግዳው ግን ጫማውን አውልቆ ይገባል። ምንጣፍ የሚጀምረው ከደጃፍ ነው። ለመሆኑ የዛሬው በዓል የምን መታሰቢያ ነው?»

«ሥላሴ ወደ አብርሃም ቤት የገቡበት ነው፥ አባቴ።»

«አብርሃምስ እንግዶቹን ከምግቡ በፊት በምን ተቀበላቸው?»

መምህሩ ጥቂት አሰበና «በእግር ውሃ» አለ።

«አንተም ከዚያ ጀምር» አሉት።

በዚህ ጊዜ መምህሩ በአጎራባች ቀበሌ የሆነውን አስታወሰ። በዚያ ላለ ትምህርት ቤት አንድ ደግ ሰው ጠጉሩ ረጅም የሆነ ወፍራም ምንጣፍ ሰጥቶ ነበር። ምንጣፉም በአፈሩ ወለል ላይ ተነጠፈ። ቀለሙ ጥቍር ስለ ነበረ እድፉ አይታይም፤ ከባድ ስለ ነበረም የሚያነሣው አልተገኘም። ክረምት ሲገባ ቤቱ ከነምንጣፉ ተዘግቶ ከረመ። በመስከረም ልጆቹ ገብተው በተቀመጡ ጊዜ ቁንጫው እንደ ጤፍ ፈላባቸው። እናቶችም ልጆቻቸውን ወደየቤታቸው መለሱ፤ አንዳንዶቹ ልጆች እስከ ኅዳር ድረስ አልተመለሱም። ፊደሉም ገና ሳይጀመር ተቋረጠ። ሰጪው በጎ አስቦ ነበር፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ እንጂ።

ይህ የሆነበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ መምህርም ለልጆች ወላጆች ሊያስረዳው ይገባል። ቁንጫ በውሻ፥ በአይጥ ወይም በሰው ገላ ላይ ሆኖ ዕንቍላሉን ይጥላል። ዕንቍላሉም ወደ ወለሉ ወድቆ በምንጣፉ ጠጉር መካከል ይገባል። በዚያም ጥቃቅን ትል ይሆናል፤ ትሉ ጨለማና እርጥበት ይወዳል። ከዚያም እንደ ሐር ትል ድር ሠርቶ በውስጡ ይተኛል። በቤቱ ማንም ባይኖር ብዙ ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ወር በድሩ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። የእግር ኮቴ ወለሉን ሲያንቀጠቅጠውና የገላ ሙቀት ሲሰማው ግን ወዲያው ወጥቶ ይዘላል። ስለዚህ በክረምት በወለል ላይ የተተወ ምንጣፍ መስከረምን የሚጠብቅ የቁንጫ ቤት ነው። ተነሥቶ የተራገፈና ፀሐይ የመታው ምንጣፍ ግን ትሉን በሙቀትና በድርቀት ይገድለዋል።

የሙጃሌም ነገር ከወለል ጋራ የተያያዘ ነው። ሙጃሌ በአፍሪካ የነበረ ተባይ አይደለም፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ መጥቶ በአፍሪካ ተስፋፋ። ሴቲቱ በእግር ጣት ቆዳ ውስጥ ገብታ ታብጣለች፤ ዕንቍላሏም ወደ መሬት ይወድቃል፤ በደረቅ አቧራ ውስጥም ይፈለፈላል። ስለዚህ ወለሉ አቧራ እስከ ሆነ ድረስ ምንጣፍ ቢነጠፍበት ሙጃሌው ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም።

ጫማ የሌለው ልጅም በመንገድ ላይ ሌላ አደጋ ያገኘዋል። በደጋ አገር፥ ከእሳተ ገሞራ በመጣው ቀይ አፈር ላይ ብዙ ዓመት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው እግሩ እያበጠ የዝሆን እግር የሚመስልበት በሽታ አለ። በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ይህ በሽታ ከአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት እንደሚመጣ መርምሮ አስረድቷል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። የሚከላከለውም ጫማ ማድረግና እግርን በየዕለቱ መታጠብ ነው። እንግዲህ በትምህርት ቤት ደጅ የሚቀመጥ ውሃ ምንጣፉን ብቻ ሳይሆን እግሩንም ይጠብቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጣፍ ዓይነት ሁሉ ከነጥቅሙና ከነጕዳቱ ይነገር።

ቄጠማና እርጥብ ሣር ለበዓል ያማረ ነው፤ ነገር ግን በሁለት በሦስት ቀን ይጠወልጋል፥ እርጥበትም ያመጣል። ጭድና ደረቅ ሣር ይሞቃል፥ ዋጋም የለውም፤ ነገር ግን አቧራ ያነሣል፥ ተባይ ይሸሽጋል፥ እሳትም ፈጥኖ ይይዘዋል።

ከዘንባባ ቅጠል የሚታታው ሰሌን ቀላል ነው። ይጠቀለላል፤ ሁለት ልጆች ተሸክመው ያወጡታል፤ ሲመታ አቧራው ይረግፋል፤ ውሃ ቢነካውም በፀሐይ ቶሎ ይደርቃል። ጕዳቱ ዳሩ መፈታቱና በብርድ አገር ብቻውን አለመሙቁ ነው። ዳሩን በጨርቅ ቢሰፉት ዕድሜው ይረዝማል። እንሰት በሚበቅልበት አገርም ከእንሰት የሚሠራው ጅባ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

አጎዛና ቁርበት በጣም ይሞቃሉ። ነገር ግን አይታጠቡም፤ በደንብ ያልለፋ ቁርበትም ይሸታል፥ ነቀዝም ይበላዋል። አጎዛ ለታመመ ወይም ብርድ ለሚጎዳው ልጅ ለብቻው ቢቀመጥ ይሻላል።

በመንዝ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ለደጋ ትምህርት ቤት ትልቅ ሀብት ነው። ሴቶቹ ጠጉሩን ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። የበግ ጠጉር በውስጡ አየር ስለሚይዝ የመሬቱን ብርድ ወደ ገላ አያሳልፍም። የቆርቆሮ ጣራና የሲሚንቶ ወለል ባለበት ክፍል ደግሞ የድምፅን ማስተጋባት ይቀንሳል፤ በኋላ የተቀመጠው ሕፃንም የመምህሩን ቃል ለይቶ ይሰማል። ጕዳቱ ብል መብላቱና ከራሰ ቶሎ አለመድረቁ ነው። ብል ጨለማና ሳይነካ የተቀመጠ ልብስ ይወዳልና ባና በየሳምንቱ ቢራገፍና ፀሐይ ቢሰጥ አይበላም።

ከፋብሪካ የሚወጣው የናይሎን ወይም የፖሊፕሮፒሊን ምንጣፍ ብል አይበላውም፤ ቀለሙም ያምራል። ይህን የሚገዛ ሰው ግን አራት ነገር ይመልከት። መጀመሪያ፥ ጠጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ይሁን፤ ረጅም ጠጉር አቧራ ይደብቃልና። ሁለተኛ፥ ቀለሙ እድፍ የሚያሳይ ይሁን፤ እድፉ ያልታየ ምንጣፍ አይታጠብምና። ሦስተኛ፥ በሙጫ ከወለሉ ጋራ አይጣበቅ፤ ያልተነሣ ምንጣፍ አይጸዳምና። አራተኛ፥ ከእሳት ይራቅ፤ እንዲህ ያለ ክር ሲቃጠል ይቀልጣል፥ የቀለጠውም በገላ ላይ ይጣበቃልና።

የላስቲክ ምንጣፍ ደግሞ በውሃ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ነገር ግን ብርድ አይከላከልም፤ ሲረጥብም ያንሸራትታል። በቆላ አገር ብቻውን ይበቃል፤ በደጋ ግን ከሥር ይነጠፍና በላዩ የሚሞቅ ነገር ይደረግበት።

ከሁሉ በፊት ግን ወለሉ ራሱ ይታይ። ወለሉ ከውጭው መሬት ከፍ ያላለ እንደ ሆነ የክረምት ውሃ ይገባበታል፤ በእርጥብ ወለል ላይ የተነጠፈ ምንጣፍም ሁሉ ይበሰብሳል። ስለዚህ ወለሉ በደንጊያና በጠጠር ከፍ ተደርጎ አፈሩ በደንብ ይደልደል፤ ከቤቱ ዙሪያም የውሃ መሄጃ ቦይ ይቈፈር። በእበት መለቅለቅ አቧራውን ያስራል፤ ነገር ግን በእበት ውስጥ መንጋጋ ቈልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ተሐዋስ ሊኖር ስለሚችል ልቅለቃው በደንብ ይድረቅ፥ እግሩ የቈሰለ ልጅም ቍስሉ ሳይሸፈን አይርገጠው። አቅም ያለው ሲሚንቶ ቢያደርግ ይበልጣል። በግድግዳው ዙሪያ ከጭቃ የተሠራ መደብ ማቆምም መልካም ነው፤ ሕፃኑ ከወለሉ ብርድ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፥ መካከሉም ለጨዋታ ባዶ ይሆናል።

ልኩም በጥንቃቄ ይቈጠር። አንድ ሕፃን እግሩን አጣጥፎ ሲቀመጥ በወርድም በቁመትም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። እንዲህ ከሆነ 40 ልጆች 14 ሜትር ካሬ ከግማሽ ያህል ቦታ ይዘዋል። ቁመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር በሆነ አንድ ሰሌን ላይ 5 ልጆች ይቀመጣሉ፤ ለ40 ልጆች 8 ሰሌን ያስፈልጋል። ሁለት ቢጨመር ደግሞ ሁለቱ ሲታጠቡ ስምንቱ በሥራ ላይ ይሆናሉ። ክፍሉን ሁሉ የሚሸፍን አንድ ትልቅ ምንጣፍ ከመግዛት እንዲህ ያሉ ብዙ ትናንሽ ምንጣፎችን መግዛት ይሻላል። ትልቁ ሲቀደድ ሁሉ ይቀደዳል፤ ከትናንሾቹ አንዱ ቢያረጅ ግን አንዱ ብቻ ይተካል።

የጽዳቱም ሥራ በቀን ይወሰን። ማታ ትምህርት ሲፈታ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ፤ ወለሉም ጥቂት ውሃ ከተረጨበት በኋላ ይጠረግ፤ በደረቁ ቢጠረግ አቧራው ተመልሶ በልጆች ሳንባ ይገባልና። በሳምንት አንድ ቀን ምንጣፉ ወጥቶ ይመታ፥ ፀሐይም ይሰጥ። በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ታጥቦና ደርቆ ከወለሉ ርቆ ይሰቀል። ውሻና በግ በክረምት ወደ ክፍሉ እንዳይገባ በሩ ይጠበቅ። ይህን ሁሉ መምህር ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም፤ የትምህርት ቤቱ ሽማግሌዎች ተራ ሠርተው ሊያግዙት ይገባል።

በደጁ ላይም ሦስት ነገር ይኑር። እነርሱም ጭቃ የሚጠረግበት ደንጊያ፥ እግር የሚታጠቡበት ውሃና ጫማ የሚደረደርበት መደርደሪያ ናቸው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሌላም ትልቅ ጥቅም አለ። ጫማ ያለው ልጅና ጫማ የሌለው ልጅ ከመንገድ ሲመጡ የተለያዩ ናቸው። በደጁ ላይ ግን አንዱ ያወልቃል፥ ሁለቱም ይታጠባሉ፥ ሁለቱም በንጹሕ እግር ይገባሉ። ከደጃፉ ወዲያ ማን ጫማ እንዳለው የሚያውቅ የለም። ድኻው ልጅም ስለ እግሩ አያፍርም፤ ያላፈረ ልጅ ደግሞ ለመጠየቅና ለመመለስ አፉን ይከፍታል።

እንግዲህ ገንዘብ የሚያዋጣ መንደር ገንዘቡን በዚህ ተራ ያውጣ፤ አስቀድሞ ለወለሉ፥ ቀጥሎ ለደጁ ውሃና ለመደርደሪያው፥ በመጨረሻም ለምንጣፉ። ወለሉና ደጁ ያልተሠራ እንደ ሆነ ምንጣፉ ይቆይ።

በምሳሌው የተነገረው መምህርም ይህን ሰምቶ ከሽማግሌው ዘንድ ተነሣ። ወደ መርካቶ ወርዶ የስጋጃውን ሱቅ አልፎ ሄደ፤ ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜልና የላስቲክ ምንጣፍ ብቻ ገዝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። የመንደሩ ሰዎች ስጋጃ ሲጠብቁ በርሜል ባዩ ጊዜ አጕረመረሙ። ዕንቍላል ሸጣ የሰጠችው ሴትም «ምንጣፉ የታለ?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም «እሜቴ፥ ምንጣፉ እዚሁ በእናንተ እጅ ነው» አላትና ነገሩን ሁሉ አስረዳት። ከዚያም ወንዶቹ በነሐሴ ዝናሙ ጋብ ባለ ቀን ሁሉ ደንጊያና ጠጠር አመጡ፤ ሴቶቹ የበግ ጠጉር ፈተሉ፤ ሸማኔውም በተረፈው ገንዘብ ባናውን ሠራ። እርስዋም ፈትላ ሰጠች። በመስከረም ልጆቹ እግራቸውን ታጥበው በባናው ላይ በተቀመጡ ጊዜ ልጅዋ ከየትኛው ላይ እንደ ተቀመጠ ለማየት እስከ ደጃፉ መጣች፤ ከመግባቷም በፊት ጎንበስ ብላ እግርዋን ታጠበች።

የተከበራችሁ መምህራን፤ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፤ ምንጣፍ በውበቱ አይመረጥ። ልጆች ሊያነሡት የሚችሉት፥ ፀሐይ ሊያገኘው የሚችል፥ ውሃ ሊያጥበው የሚችል ይመረጥ። ከመግዛትም በፊት እያንዳንዱ መንደር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ አስቀድሞ ደጁን ይመልከት።